ኮርስ፣ ማውንቴን ወይስ ግራቭል? እስቲ መጀመሪያ መንገዱን ንገሩኝ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። አስፋልትም ፒስታም ላይ የሚሄድ አንድ ሳይክል ምረጥልን የሚሉ። ሁለት ሳይክል መግዣም ማስቀመጫም የሌለው ብዙ ነው፤ ጥያቄው ይገባኛል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ ኮርስ ማለት ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ሳይክል ነው፤ ማውንቴን ሰፊ ጎማ ያለው የተራራ ሳይክል፤ ግራቭል ደግሞ የሁለቱ መሀል፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

"ሰላም ነው? 41 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1.74፣ ክብደቴ 82 ኪሎ። ሐኪም ተንቀሳቀስ ሲለኝ ከጓደኛዬ አሮጌ ማውንቴን ተውሼ ጀመርኩ፤ አሁን ሱስ ሆኖብኛል። በሥራ ቀን ስላይጎ ክሪክና ቢች ድራይቭ ላይ እነዳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከጆርጅታውን ተነስቼ በሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር እስከ ግሬት ፎልስ። ማውንቴኑ አስፋልት ላይ ይከብዳል፤ ጓደኞቼ በኮርስ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ኮርስ ይዤ ካናሉ ላይ መግባት ደግሞ እፈራለሁ። 1,800 ዶላር አለኝ። ግራቭል የሚባለው እውነት የተለየ ነገር ነው ወይስ የሻጭ ወሬ? ካርቦን ይሻላል አሉሚኒየም? የፊት ጥርስ አንድ ይሁን ሁለት? ግራ ገብቶኛል።"

ወንድሜ፣ እንኳን ሱስ ሆነብህ። ሐኪምህም ደስ ይለዋል።

የሻጭ ወሬ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ሻጭ ያጋንናል፤ ግን ይህ ሳይክል የመጣው ከመንገድ ነው። ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዙሪያዋ የከብት ግጦሽ ነው፤ አካባቢው ፍሊንት ሂልስ ይባላል፤ የባልጩት ኮረብቶች እንደማለት። መንገዱም እንደ ስሙ ሹል ጠጠር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 የ200 ማይል የጠጠር መንገድ ውድድር ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሰው ያለውን ይዞ ነበር የሚሄደው። ማውንቴን የያዘው በረጅሙ ሜዳ ላይ ይደክማል፤ ኮርስ የያዘው ጎማው ይቀደድበታል። ቀስ በቀስ ፋብሪካዎቹ የሁለቱን መሀል መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የመጀመሪያው የግራቭል የዓለም ሻምፒዮና ጣሊያን አገር ቬኔቶ ውስጥ ተካሄደ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? መሪው እንደ ኮርስ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ግን ከታች ወደ ውጭ ስለሚከፈት ቁልቁለት ላይ እጅህን ሰፋ አድርገህ ትይዘዋለህ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ረዘም ይላል፤ ስለዚህ ጠጠር ላይ አይቅበዘበዝም። ፍሬኑ ዲስክ ነው። ማርሹ ከኮርስ ይቀላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬሙ ሰፊ ጎማ ያስገባል። ይሄ የመጨረሻው ነው ዋናው ነገር፤ ሌላው በኋላ ሊለወጥ ይችላል፣ የፍሬም ክፍተት ግን አይለወጥም።

አሁን ወደ አንተ መንገድ እንምጣ። የካናሉ ዳር መንገድ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ነው፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት ነበር። ካናል የሚሠራው ሜዳ እየፈለገ ነው፤ ውሃ ዳገት አይወጣማ። ስለዚህ ያ ሁሉ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍ የሚለው 605 ጫማ ገደማ ነው፤ 185 ሜትር ያህል። ይህን ያነሳሁት ለታሪኩ ብቻ አይደለም። አንተ ቅዳሜ የምትነዳበት መንገድ ላይ የማርሽ ጉዳይ ያን ያህል አያስጨንቅህም ማለት ነው። የሚያስጨንቅህ መሬቱ ነው። ሲደርቅ ግሩም መንገድ ነው። በዘነበ ማግስት ግን ጭቃ ነው፤ የዛፍ ሥር አለ፣ ድንጋይ ብቅ ያለበትም አለ።

እኔ አንድ ጊዜ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ይዤ ሁለት ቀን ሲዘንብ ከከረመ በኋላ እዚያው መንገድ ላይ ገባሁ። ከዋይትስ ፌሪ ትንሽ አለፍ ብዬ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ጭቃው ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር አቆመ። በእንጨት እየፋቅሁ፣ እየገፋሁ፣ አራት ማይል በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይክል ስገዛ መጀመሪያ የማየው በጎማና በፍሬም መካከል ያለውን ክፍተት ነው።

ስለዚህ ላንተ የምለው፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ የተገጠመለት፣ ቢያንስ 45 የሚያስገባ ፍሬም ፈልግ። የጎማው ጥርስ መሀሉ ልሙጥ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ወጣ ወጣ ያለ ይሁን። አስፋልት ላይ በመሀሉ ትሄዳለህ፤ ጠጠር ላይ ስትታጠፍ ዳሩ ይይዝልሃል። ኮርስ ያላቸው ጓደኞችህ አሁንም ትንሽ ይቀድሙህ ይሆናል፤ ጥለውህ ግን አይሄዱም። አሮጌው ማውንቴን ላይ ያደከመህ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማውና ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ ነፋሱን በደረትህ መቀበልህ ነው። ሁለቱም ይቀንሱልሃል።

የፊት ጥርስ (ፔዳሉ ጋ ያለው ባለ ጥርስ ክብ) አንድ ወይስ ሁለት? ባለ አንዱ ቀላል ነው፤ የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል፣ ጭቃም አይጠራቀምበትም። ጉዳቱ በማርሽና በማርሽ መካከል ያለው ርቀት መስፋቱ ነው። ብቻህን ጠጠር ላይ ስትሄድ አይታወቅህም። ከኮርስ ነጂዎች ጋር በአንድ ፍጥነት ስትሄድ ግን አንዱ ማርሽ ይከብድሃል፣ ቀጣዩ ይቀልሃል፣ መሀል ላይ የሚስማማህን ታጣለህ። አንተ በሥራ ቀን አስፋልት ላይ ስለምትነዳ፣ ከጓደኞችህም ጋር ስለምትወጣ፣ ሁለት ጥርስ ያለውን ውሰድ። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ጂ አር ኤክስ የሚባለውን ለግራቭል ብቻ የተሠራ ዕቃ አወጣ፤ በእሱ ውስጥ 46 እና 30 ጥርስ ያለው አለ። እሱ ይበቃሃል።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም ለሚለው፣ በ1,800 ዶላር አዲስ የምትገዛ ከሆነ አሉሚኒየም ፍሬም ከካርቦን ፎርክ (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ) ጋር። አከራካሪ አይደለም። በዚህ ዋጋ ካርቦን ፍሬም ያለው ሳይክል ብታገኝ ገንዘቡ የተቀነሰው ከጎማው ቸርኬ፣ ከፍሬኑና ከማርሹ ላይ ነው። አርባ ሚሊ ሜትር ጎማ ውስጥ ያለው አየር ከማንኛውም ውድ ፍሬም በላይ ንዝረቱን ይውጥልሃል።

አሁን ደግሞ ስለ ልክ ልንገርህ፤ እባክህ ይህን እንዳታልፈው። እኔ ከዓመታት በፊት ጥሩ ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ከልኬ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ሳይክል ገዛሁ። ሱቁም "መሪውን ስናሳጥረው ይስተካከላል" አለኝ። አልተስተካከለም። አራት ወር አንገቴንና ትከሻዬን ሲያመኝ ከርሞ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ የተጻፈውን 54 ወይም 56 ብቻ አይተህ አትወስን። የአንዱ ፋብሪካ 54 የሌላው 56 ሊሆን ይችላል። ሁለት ቁጥር ጠይቅ፤ አንዱ ፍሬሙ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሀል ወደ ላይ ያለው ከፍታ ነው፣ ስታክ ይሉታል። ሌላው ወደ ፊት ያለው ርዝመት ነው፣ ሪች ይሉታል። ያለማቋረጥ አርባ ደቂቃ ሞክረኸው የተመቸህን ሳይክል ቁጥሮች ያዝና ሌሎቹን ከእሱ ጋር አወዳድር። ለአንተ ዕድሜና ለጀርባህ ከፍ ያለ ስታክ ይሻላል።

ለመሞከር ያህል የጃይንት ሪቮልትን፣ የትሬክ ቼክፖይንትን፣ የካነንዴል ቶፕስቶንንና የስፔሻላይዝድ ዳይቨርጅን አሉሚኒየም ሞዴሎች በየሱቁ ሄደህ ተቀመጥባቸው። የካንዬን ግሪዝልም ጥሩ ነው፤ ግን ካንዬን የሚሸጠው በቀጥታ በኢንተርኔት ነው፤ ልክህን በደንብ ካላወቅህ ለመጀመሪያ ሳይክልህ አልመክርህም። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ይሁን። ለፓራፋንጎና ለዕቃ መጫኛ የብሎን ቀዳዳ ያለው መሆኑንም አረጋግጥ፤ በዝናብ ወደ ሥራ መሄድ ስትጀምር ታመሰግነኛለህ። ከ1,800ው ላይ 250 ዶላር ደግሞ አትንካ። ሄልሜት፣ መብራት፣ መንፊያ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ስፖንጅ ያለው ጥሩ የውስጥ ሱሪ፣ ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው እነሱን ረስቶ ኪሱን ሳይክሉ ላይ ይጨርሳል።

ከአዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ

"ታዲያስ! 27 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ፣ ቁመቴ 1.62። እህቴ ለገና ከፍራንክፈርት ስትመጣ ሳይክል ላምጣልሽ ብላኛለች። ብዙ ጊዜ የምነዳው ከአዲሱ ገበያ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ነው፤ ሱሉልታ ከደረስኩ በኋላ ወደ ገጠሩ ፒስታ መግባት እወዳለሁ። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን አለ። አሁን ያለኝ አሮጌ ኮርስ ነው፣ ዳገቱ ላይ ይገድለኛል። ማውንቴን ትግዛ ወይስ ግራቭል? መለዋወጫስ እንዴት አደርጋለሁ?"

እህቴ፣ ያንቺ መንገድ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን መንገድ ተቃራኒ ነው። የእሱ ሜዳ ነው፤ ያንቺ ዳገት ነው። ስለዚህ ያንቺ ቁጥር አንድ ማርሽ ነው።

ኮርሱ ላይ የደከምሽው አቅም ስላነሰሽ አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማይፈቅድልሽ ነው። አሮጌ ኮርስ ብዙ ጊዜ ትንሹ የፊት ጥርስ 34፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 28 ነው፤ ከዚያ የባሰም አለ። 34ን ለ28 ስታካፍይው 1.21 ይመጣል። ይህ ማለት ፔዳሉን አንድ ዙር በረገጥሽ ቁጥር ሳይክሉ ወደ 2.6 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ለመርገጥ፣ ይህም ቢሆን ዝቅተኛ ነው፣ በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገቱን መውጣት አለብሽ። ካልቻልሽ አረጋገጥሽ እየቀነሰ፣ ጉልበትሽ ላይ ጫናው እየጨመረ ይሄዳል። ከፊት 30፣ ከኋላ 34 ያለው ግራቭል ግን 0.88 ነው፤ በዚያው 60 ዙር በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እየሄድሽ መውጣት ትችያለሽ። ከፊት አንድ 40፣ ከኋላ እስከ 51 ያለው ደግሞ 0.78 ነው፤ ወደ 6 ኪሎ ሜትር። ማውንቴን 32 በ51 ቢሆን 0.63፤ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ከፍታውንም አትርሺ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለዳገት በቂ ነው ተብሎ የተሸጠ ማርሽ እንጦጦ ላይ በቂ አይሆንም። ለዚህ ነው ለእህትሽ አንድ ነገር ብቻ ብትነግሪያት ይህን ንገሪያት የምለው፦ ትንሹ የፊት ጥርስ ለትልቁ የኋላ ጥርስ ሲካፈል ከ0.9 በታች ካልሆነ እንዳትገዛ። ሻጩ ካላወቀ ጥርሱን ራሷ ትቁጠር።

ማውንቴን ወይስ ግራቭል? ብዙው መንገድሽ አስፋልት ከሆነና ቀሪው ፒስታ ከሆነ ግራቭል፣ ባለ 45 ሚሊ ሜትር ጎማ። ኮብልስቶኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አልዋሽሽም፤ ግን ኮብልስቶኑ ሰፈርሽ ውስጥ ነው፣ የምትውይበት አይደለም። የእንጦጦ ጫካ ውስጥ ለውስጥ የእግር መንገዶችን፣ ሥርና ድንጋይ ያለባቸውን፣ በየሳምንቱ መውረድ የምትፈልጊ ከሆነ ግን መልሴ ይቀየራል፤ ያኔ ከፊት አሞርዛተር ያለው ማውንቴን ይሁን። ግራቭል እዚያ መውረድ ይችላል፣ ደስታው ግን የለም፤ እጅሽም ይጎዳል።

መለዋወጫውን አስቀድመሽ ማሰብሽ በጣም ጎበዝ ያሰኝሻል። እዚህ ላይ ረዘም ላድርግልሽ፤ ጥሩ ሳይክል መጥቶ በአንድ ትንሽ ብረት ምክንያት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር አይቻለሁና።

ያቺ ትንሽ ብረት የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ናት። ሀንገር ይሏታል። ሆን ተብሎ ደካማ ሆና ነው የምትሠራው፤ ሳይክሉ ሲወድቅ ፍሬሙ እንዳይጎዳ እሷ ትጣመማለች ወይም ትሰበራለች። ችግሩ የአንዱ ፍሬም ለሌላው አለመሆኗ ነው። እህትሽ ሳይክሉን በገዛችበት ቀን ሁለት ትርፍ ትግዛ፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ በኋላ መፈለጉ ነው ከባዱ። ከሷ ጋር ሁለት ትርፍ ጎማ፣ አራት ካላማዳሪያ፣ አንድ ካቴና ከነማያያዣው፣ ሦስት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬንና የማርሽ ገመድ። ፒስታው አቧራማ ስለሆነ ካቴናሽ ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀ ካቴና ደግሞ የኋላ ጥርሱን ይበላል፤ ስለዚህ በየጊዜው በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ዘይቱን ትንሽ ብቻ አድርጊ።

ፍሬኑ በገመድ የሚሠራ ዲስክ ይሁን። በዘይት የሚሠራው የበለጠ ይይዛል፤ ለሌላ ሰው እሱን ነው የምመክረው። ግን የዘይቱ ፍሬን አየር ከገባበት ትክክለኛውን ዘይትና መሣሪያ ይፈልጋል፤ ገመድ ግን የትም መካኒክ ያጠብቅልሻል። ለአውሮፕላንም ይቀላል፤ በዘይት በሚሠራው ግን ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታው ከተጨበጠ ሸራዎቹ ይገጥማሉ።

ቱብለስ (ካላማዳሪያ የሌለው) ጎማ ላንቺ አሁን አልመክርም። ውስጡ የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽ በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት፤ ሁልጊዜ ከውጭ የሚያመጣልሽ ሰው ከሌለ ሐሳብ ይሆንብሻል። ካላማዳሪያ ግን ጎሚስታ ቤት ይለጠፋል። አንድ ነገር ብቻ፤ የእነዚህ ሳይክሎች ቫልቭ ቀጭን ነው፣ ፕሬስታ ይባላል፤ የጎሚስታው ቱቦ ደግሞ ለመኪና ቫልቭ የተሠራ ነው፣ አይገጥምም። በቀጭኑ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ የነሐስ ማገናኛ አለች፤ ሦስት አራት አምጥታልሽ አንዷን ኮርቻሽ ሥር ባለው ቦርሳ፣ አንዷን ቁልፍሽ ላይ አድርጊያት። በኮምፕሬሰር ሲሞሉልሽም ዓይንሽን ከመለኪያው አታንሺ፤ የሳይክል ጎማ ውስጡ ትንሽ ስለሆነ በሰከንድ ያልፋል።

ሳይክሉ በካርቶን ሲታሸግ ፔዳሎቹ ይፈታሉ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን እህትሽ ትወቅ፤ ብዙ ሰው ይፈታል ብሎ እያጠበቀው ጥርሱን ያበላሻል። የሱሉልታ መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ብዙ ስለሆነ የኋላ መብራትሽን በቀንም አብሪው። ይህን እንደ ወንድም ነው የምለምንሽ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

"ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል። 63 ዓመቴ ነው፣ 70 ኪሎ ነኝ። ልጆቼ ለልደቴ ግራቭል ሳይክል ገዙልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ መንገድ ላይ እነዳለሁ፤ ከቪየና በኋላ ደግሞ አጠገቡ ያለው የፈረስ መንገድ፣ ጠጠሩ ላይ። ችግሬ እጄ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንሿ ጣቴና አጠገቧ ያለችው ይደነዝዛሉ። ጎማው ላይ እስከ 70 ይላል፣ 38 ነው ስፋቱ፣ እኔም 70 አድርጌ እሞላለሁ። ይህ ዕድሜዬ ነው ወይስ ሳይክሉ?"

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ከረሙ? ልጆችዎን ያኑርልዎ።

ዕድሜዎ አይደለም፤ አየሩ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ አትለፍ የሚል ነው እንጂ ይህን ሙላ የሚል አይደለም። በ70 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ እንደ ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዷን ጠጠር በቀጥታ ወደ እጅዎ ይልካታል። ለእርስዎ ክብደትና ለ38 ጎማ ካላማዳሪያ ካለው ከኋላ 40፣ ከፊት 37 አድርገው ይጀምሩ። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ይቀንሱ። ብዙ እንደቀነሱ የሚያውቁት ቸርኬው ድንጋይ ላይ ሲመታ በሚሰማዎ ድምፅ ነው፤ ካላማዳሪያው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካወጣ ደግሞ፣ እባብ የነደፈው ይመስላል፣ ዝቅ አድርገውታል ማለት ነው። ያኔ ሦስት ይጨምሩ። ለዚህ ሥራ መለኪያ ያለው መንፊያ ያስፈልግዎታል፤ በጣት ተጭኖ መገመት አይሆንም።

የደነዘዙት ጣቶች እነዚያ ሁለቱ መሆናቸውን መንገርዎ ጠቅሞኛል። በመዳፍ የውጭ ጎን የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ክብደትዎ በመሪው ላይ ሲያርፍ እሱን ይጫነዋል። ኮርቻውን ይዩት። አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ ከሆነ ሳያውቁት ወደ ፊት እየተንሸራተቱ በእጅዎ ራስዎን እየያዙ ነው፤ አግዳሚ አድርገው ያስተካክሉት። ሱቁ መሪውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ሊያደርግልዎ ይችላል፤ ከላዩ ያሉትን ቀለበቶች ወደ ሥሩ ማዘዋወር ብቻ ነው። መሪው ላይ ወፈር ያለ መጠቅለያ ያስጠቅልሉ፣ ጓንት ያድርጉ፣ በየአሥር ደቂቃው የእጅዎን ቦታ ይቀያይሩ። ይህን ሁሉ አድርገው ከሳይክል ከወረዱ በኋላም ድንዛዜው ካልለቀቀ ግን ሐኪም ይዩ፤ አይቆዩ።

እግረ መንገዴን፣ የደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ መንገድ 45 ማይል ሆኖ ፐርሰልቪል ላይ ያልቃል፤ ለእርስዎ ግን እዚያ ነው የሚጀምረው። የላውደን ካውንቲ ምዕራባዊ ክፍል ከ250 ማይል በላይ ያልተነጠፈ የገጠር መንገድ አለው። የድንጋይ አጥር፣ የፈረስ እርሻ፣ ጥላ። ዳገት አለበት፤ ቀስ ብለው ይውጡ። ጎማዎን አለስልሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዋተርፎርድ ድረስ ይሂዱና ምን እንዳዩ ይጻፉልኝ።

ከነታኒያ፣ እስራኤል

"ተማሪ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም። አሮጌ ኮርስ አለኝ፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ነው። ጎማውን በ40 ቀይሬ ግራቭል ማድረግ እችላለሁ?"

በ40 አትችልም ወንድሜ። ያ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ከ28 በላይ አያሳልፍም፤ ፍሬሙም ከታች ይጠባል። ግን ተስፋ አትቁረጥ። አሁን ያለው ጎማ 23 ወይም 25 ከሆነ፣ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎን፣ ከላይም ከፍሬኑ ሥር ለካ። 28 ገብቶ በየጎኑ አራት ሚሊ ሜትር ከተረፈ፣ ግባበት። አየሩን እንደ ክብደትህ ወደ 70 አካባቢ አውርደው። ደረቅና የተጠቀጠቀ የእርሻ መንገድ ላይ በደንብ ይወስድሃል፤ አሸዋና የክረምት ጭቃ ውስጥ ግን አታስገባው።

ከዚያ ገንዘብ እስክታጠራቅም ያገለገለ ፈልግ። አንድ ምክር፤ የቆየ የሳይክሎክሮስ (በጭቃና በሣር ላይ የሚወዳደሩበት) ሳይክል በርካሽ ካገኘህ አትናቀው። ለውድድር ሕጉ ከ33 ሚሊ ሜትር በላይ ጎማ ስለማይፈቅድ ክፍተቱ ከግራቭል ይጠባል፤ ብዙዎቹ ግን 35 ይቀበላሉ። ስታየው ፍሬሙን ገልብጠህ ከፔዳሉ ሥርና ብረቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ በስልክህ መብራት ፈትሽ፤ ስንጥቅ ካየህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው። ጎማዎቹን አንስተህ አሽከርክራቸው፤ ኩሽኔታው ከተንኳኳ ወይም ከፈጨ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ካቴናውን በመለኪያ ለካው፤ ካለቀ የኋላ ጥርሱም አብሮ ሊያልቅ ስለሚችል ሁለቱንም አስልተህ ተደራደር። ሻጩ ለግማሽ ሰዓት እንድትነዳው ካልፈቀደልህ ደግሞ አመስግነህ ወደ ሌላው ሂድ።